ጆሮ መርማሪው አያ ነጅሙዲን

«ደህና ነኝ» የሚለውን መልስ የማይቀበል ሰው የሌለበት ከተማ እስካሁን አላየሁም። ሰላም ስትሉት ሰላምታችሁን ትቶ እናንተን መመርመር ይጀምራል። አንዱ ዓይናችሁን ገልብጦ ካላየ አይለቃችሁም። ሌላው ምላሳችሁን አውጡ ይላል። ጥፍራችሁን ወደ ብርሃን አዙሮ «ጨው ቀንስ» የሚልም አለ። አንዳቸውም ሕክምና አልተማሩም፤ ታካሚ ግን አጥተው አያውቁም። ታካሚው ሮጦ እንዳያመልጥ እጁ በእጃቸው ነዋ።

ለእኛዋ ቆቦ የደረሷት የጆሮው መርማሪ ናቸው። ክቡር አያ ነጅሙዲን፣ የራያ ቆላ ጆሮዎች ጠቅላይ መርማሪ፣ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከብት ተራ በደላላነት ነው። ከብት ተራ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። በሬ ሊገዛ የመጣ ገበሬ ቀንድና ሻኛ ያያል፤ ደላላው ግን በሬው እንዴት እንዳደረ ለማወቅ ጆሮውን ከሥሩ ይጨብጣል። ከጋለ ትኩሳት አለበት። በረዶ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለበት። ወደ ታች ከወደቀ ደግሞ ሻጩ ሰው ሊሸውድ መጥቷል ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚደረገው ገና በማለዳ ነው፤ የቆቦ ፀሐይ አንዴ ከዞብል ተራራ በላይ ብቅ ካለች የሞተ በሬም ጆሮው ይሞቃል።

«ፀሐይ የነካው ጆሮ ውሸታም ነው» ይላሉ አያ ነጅሙዲን።

ጉልበታቸው ደክሞ ከከብት ተራ ሲቀሩ እጃቸው ሥራ ፈታ። ከተማው ደግሞ ጆሮ አላጣም። መጀመሪያ ጎረቤት፣ ቀጥሎ ዘመድ፣ ከዚያ መንገደኛው ሁሉ ተራ በተራ ተጨበጠ። ይባስ ብሎ አንድ ቀን ሬዲዮ ላይ አንድ ሐኪም፣ በጆሮ ላይ የሚታይ ለውጥ አንዳንዴ የውስጥ ሕመም ሊጠቁም ይችላል፣ ሰው ልብ ቢለው አይጎዳም ብሎ ሲናገር ሰሙ። «አንዳንዴ» የምትለዋን ቃል እዚያው ሬዲዮኑ ውስጥ ጥለዋት ወጡ፤ እኛም አለቀልን።

መምህር እንዳለውን እንውሰድ። አንድ ጠዋት የግራ ጆሮው በርበሬ መስሎ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ያዙት። «ኩላሊት ነው» አሉ ሳያመነቱ። ዳቦ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰማ። ገና ምሳ ሳይደርስ ተማሪዎቹ ሰሙ፤ ማምሻውን ባልደረቦቹ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁት ቤቱ ሄዱ። ለካስ መምህር እንዳለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከምትማረው ሚስቱ ጋር በስልክ ሲጨቃጨቅ ነበር የነጋው፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ተጭኖ። ይህንን ለባልደረቦቹ ከማስረዳት ኩላሊቱን መታመም መረጠ።

ሮቢት ደግሞ ለሠርግ ተጠርተው ሄዱ። ሙሽራውን እንኳን ደስ ያለህ ብለው አቅፈው ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሯል። «ጆሮው ወድቋል። ይህ ልጅ ክረምቱን አይሻገርም» ብለው አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው በሹክሹክታ ነገሩት። የአያ ነጅሙዲንን ሹክሹክታ ያልሰማችሁ፣ ከብት ተራ ሙሉ ሰው ለማስማማት የኖረ ጉሮሮ እንዴት እንደሚያንሾካሹክ አስቡት። ምግቡ ሳይነሳ የሙሽሪት እናት ዘንድ ደረሰ። ዛሬ ያ ሙሽራ የልጆች አባት ሆኖ ሮቢት ላይ ሽንኩርት ይነግዳል። ጆሮው አሁንም እንደወደቀ ነው፤ የአባቱም እንዲያው ነበር።

ይህን ብታስታውሷቸው አይደነግጡም። «ያኔ ባልናገር መች ይተርፍ ነበር?» ይላሉ።

መድኃኒታቸው አንድ ነው፣ ጉበት። ጆሮው የነጣ ጉበት ይብላ፤ ጆሮው የቀላ ጉበት ይተው። ጆሮዬ ይጮኽብኛል ላለ ብቻ «ሂድ ግፊትህን ተለካ» ይሉታል፤ ይህቺኛዋን ጤና ጣቢያ የምትሠራው ሲስተር ቤዛም አትቃወማትም። የሴት ጆሮ አይነኩም፣ ነውር ነው። ሴት ስትመጣ ባለቤታቸው እትዬ ኡሙሃኒ ጓዳ አስገብተው ሻሿን ገለጥ አድርገው ይነኩና ውጤቱን በር ላይ ለቆሙት ባላቸው ይናገራሉ። እትዬ ኡሙሃኒ ምን ጊዜም «ሞቅ ያለ ነው፣ ደህና ናት» ስለሚሉ የቆቦ ሴቶች በሙሉ ጤነኞች ናቸው።

እኔ ፊሊሞን እባላለሁ። ቤተሰቤ ከአላማጣ ወዲያ ለንግድ መጥቶ እዚሁ የቀረ ነው፤ ዋናው አስፋልት ዳር ስልክ እሸጣለሁ፣ እጠግናለሁ። ጠዋት የሱቄን መዝጊያ ወደ ላይ ስገፋ ሁለቱም እጆቼ ከራሴ በላይ ናቸው። አያ ነጅሙዲን ያችን ሰዓት ያውቋታል። ከኋላዬ ሁለት ጣት ይመጣና ጆሮዬን ከሥሩ ይጨብጠኛል። አንድ ሰሞን መላ ፈጠርኩ ብዬ በዚያ ሙቀት የሱፍ ኮፍያ እስከ አንገቴ ድረስ ስቤ መምጣት ጀመርኩ።

«ላብህ ይወርዳል፣ ጆሮህ ግን የለም» አሉኝ። «ምን ደብቀህ ነው?»

«ደህና ነኝ አያ ነጅሙዲን።»

«አፍ ይዋሻል፣ ጆሮ አይዋሽም» ብለው ኮፍያዬን አነሱት።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሳሊሀ። ጅዳ፣ ሰው ቤት ትሠራለች። የሄደች ቀን ንጋት ላይ መናኸሪያው ውስጥ፣ አውቶቡሱ በር ላይ ጆሮዋን በሁለት ጣታቸው ይዘው ቆሙ። ረዳቱ ቢጮህ፣ ሾፌሩ ቢያስነሳ አልለቀቁም። «ሞቅ ያለ ነበር። ሸጋ ጆሮ» ይላሉ እስከ ዛሬ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ስልክ ልካላቸዋለች፤ መነካካቱ ግን አይሆንላቸውም። ስለዚህ ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት መልስ ሱቄ ይመጣሉ፣ በቪዲዮ አገናኛቸዋለሁ። የሰው አባት ልጁን በስልክ ሲያይ ከሳሽ፣ ጠቆርሽ፣ ትበያለሽ ወይ ይላል። እሳቸው የሚሉት ሌላ ነው።

«ሳሊ፣ ጆሮሽን አሳዪኝ።»

«አባዬ፣ የሰው ቤት ነው። ወንዶች ይገባሉ፣ ይወጣሉ።»

«ጥግ ያዢና ገለጥ አድርጊው። አንዱን ብቻ።»

«አይሆንም አባዬ። ደህና ነኝ እኮ።»

ሂጃቧ ግንባሯንና ጆሮዋን ጥብቅ አድርጎ ይዟል። አያ ነጅሙዲን ስልኩን ወደ ቀኝ ያዘነብሉታል፣ ከዚያ ወደ ግራ። በጎን በኩል የሚታያቸው ይመስላቸዋል። መጀመሪያ ቀን ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር። ሁለተኛውን ጁምዓ አልሳቅሁም። የከተማውን ጆሮ ሁሉ በጣታቸው የለዩ ሰው የገዛ ልጃቸውን ጆሮ ማየት አቃታቸው። ጥሪው ሲያልቅ ስልኩን ኪሳቸው ከተው ይነሱና መጀመሪያ ያገኙትን ሰው ጆሮ ይይዛሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነኝ። በእነዚያ ቀናት ጣታቸው ቶሎ አይለቅም። ናፍቆት መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ኮፍያዬንም ከዚያ ወዲህ አላደረግሁም።

ዓመቱ ዞሮ ሌላው ሲጋመስ አያ ነጅሙዲን ጆሮሽን አሳዪኝ ማለቱን ተዉ። እኔ የአባትና የልጅ ወሬ ነው ብዬ ጥሪውን ከከፈትኩላቸው በኋላ ውጭ እቆማለሁ፤ በመስታወቱ ግን አያቸዋለሁ። ሳሊሀ ብዙ ታወራለች። እሳቸው ዓይናቸውን ከከንፈሯ ሳይነቅሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከንፈሯ ሲቆም «አብሽሪ ልጄ! አብሽሪ!» ይላሉ፤ ድምፃቸው መንገድ ድረስ ይሰማል። በእኛ አገር አብሽሪ የማይመልሰው ነገር የለም። ላዘነም፣ ለታመመም፣ መንገድ ለረዘመበትም ይሆናል። «እንዴት ናት?» ስላቸው «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት» ብለው ይሄዳሉ።

እናቷ ስክሪኑ ላይ ገና ሲያዩዋት እንባ ስለሚቀድማቸው ሳሊሀ ለእትዬ ኡሙሃኒ የምታወራው ስለ ምግብና ስለ አየሩ ብቻ ነበር። ቁም ነገሩ ለአባቷ ነው የሚነገረው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አያ ነጅሙዲን መስማት እንዳቃታቸው ከዋጃ እስከ ሮቢት ያልተወራበት ቦታ አልነበረም። ባጃጅ ከኋላቸው ጥሩምባ ሲነፋ ዞር አይሉም። አዛን ሲወጣ የሚነሱት ሌላው ሲነሳ አይተው ነው። ሰው ሲያናግራቸው ቶሎ ብለው ጆሮውን ይይዙታል፤ ምርመራ ላይ ያለ ሐኪም መልስ እንዲሰጥ አይጠበቅበትማ። እኛ ግን አንዳችንም ፊት ለፊት አልነገርናቸውም። እሳቸውም የማያውቁ መሰለን።

አንድ ቀን እትዬ ኡሙሃኒ ብቻቸውን ሱቄ መጡ።

«ፊሊሞን ልጄ፣ አንተ ንገረው። እኔ ብነግረው አይሰማኝም» አሉና በራሳቸው ንግግር ሳቁ። ሳቁ ግን አልቆየም፤ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ለሳሊሀ ትንፍሽ እንዳትዪ ብሎኛል። እንደማልሰማት ካወቀች ማውራቷን ትተወዋለች ብሎ ነው።»

«ለምን ጤና ጣቢያ አይሄዱም?»

«እምቢ አለኛ! አልጋ ላይ ጋደም ብሎ ለብቻው ሲያወራት እሰማዋለሁ፣ ሳሊሀን። እሱ ያልሰማሁ ይመስለዋል።»

በማግስቱ ፀሐይ ሳትወጣ ሱቄ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። መጡ፣ ሁለት ጣታቸውን አነሱ። እኔ ቀደምኳቸውና የእሳቸውን ጆሮ ከሥሩ ጨበጥኩት። ሰፊ፣ ደረቅ፣ ጠጉር የበቀለበት ጆሮ ነበር።

«ምን ሆነሃል አንተ ልጅ?»

አፌን ጆሯቸው ላይ አስጠግቼ «አፍ ይዋሻል፣ ጆሮ አይዋሽም» አልኩ በኃይል። ማዶ ያለው ዳቦ ቤት በሩን ከፍቶ አየን።

አያ ነጅሙዲን ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«በሬ ጆሮው ሲዘጋ አውቃለሁ» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «የጌታውን ድምፅ መለየት ሲያቅተው ባለቤቱን ጠራ አድርጌ፣ ቶሎ ሽጠው እለዋለሁ። ምንም አይደረግለትም። እኔንም ጤና ጣቢያ ብትወስደኝ ያቺ ሲስተር አልቋል ትለኛለች።» ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ስልክ ዳበሱ። «የሳሊ ፊቷ አለኝ ፊሊሞን፣ እድሜ ለአንተ። ድምጿ ነው የጠፋብኝ። ከንፈሯን እያየሁ ነው የምመልሰው። ላስታውሰው ስል የድሮው ነው የሚመጣልኝ፣ ፍየል ስታባርር የምትጮኸው።»

ላሾፍባቸው ያዘጋጀሁትን ተውኩት። ክንዳቸውን ይዤ ባጃጅ ውስጥ አስገባኋቸው።

ሲስተር ቤዛ ባለ መብራቱን መሣሪያ ጆሯቸው ውስጥ ሰክታ አጎነበሰች። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፣ ተመልሳ የመጀመሪያውን አየች። አያ ነጅሙዲን ፊቷን የሚያዩት በገበያ ቀን የገዢን ፊት እንደሚያዩት ነበር።

«አያ፣ ምንድን ነው የሚጨምሩበት?» አለች ጮክ ብላ።

የጆሮ ሊቁ አቀርቅረው ተናዘዙ። ለማለስለስ የቀለጠ ቅቤ። ለመክፈት የጥቁር አዝሙድ ዘይት። መከፈቱን ለማረጋገጥ ደግሞ የክብሪት እንጨት።

«ኩክ ነው» አለችኝ ሲስተር ቤዛ ወደ እኔ ዞራ። «ደድሯል። ክብሪቱ ደግሞ ወደ ውስጥ ጠቅጥቆ ጠቅጥቆ ግድግዳ አድርጎታል። ከኋላው ያለውን የማየው ሲወጣ ነው።» የሚያለሰልስ ጠብታ ሰጠቻቸውና ከቀናት በኋላ እንዲመለሱ ነገረቻቸው። ክብሪቱን ኪሳቸው ድረስ ገብታ ወሰደችው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእሳቸው ነው ብዬ አሰብኩ፤ እየሳቅኩ ግን አልነበረም።

በቀጠሯቸው ቀን ለብ ባለ ውሃ ታጠቡ። ከቀኝ ጆሯቸው የወጣው የባቄላ ፍሬ ያህላል። የግራውን ባልገልጸው ይሻላል፣ ምግብ ላይ ሆኖ የሚያነብ አይጠፋም። አያ ነጅሙዲን ሳህኑ ላይ አጎንብሰው እንደ ሙክት መረመሩት። ሲስተር ቤዛ መብራቷን መልሳ ሰካችና «ከኋላው ደህና ነው። ዕድሜ ትንሽ ወስዶበታል እንጂ ይሰማሉ» አለች። ከጤና ጣቢያው በር ስንወጣ ሁለት እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«ይሄ ሁሉ ባጃጅ ዛሬ ነው የመጣው?»

ጁምዓን አልጠበቁም። ቀጥታ ወደ ሱቅ ሄድን፤ ደወልኩ፤ ሳሊሀ አነሳች። እንደ ልማዴ ልወጣ ስል ክንዴን ያዙኝ። ስክሪኑን አላዩትም። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፉት።

«አባዬ፣ ጆሮህ ነው የሚታየኝ። ፊትህን አሳየኛ።»

«ፊቴን ተዪው። አውሪ።»

«ምን ላውራ? ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። አንተስ?»

እኔም ሰማኋት። ለእኔ የደህና ሰው ድምፅ ነበር። አያ ነጅሙዲን ግን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ባዶው እጃቸው ሁለት ጣቱን ቀስ እያለ ያፋትጋል፣ የበሬ ጆሮ የያዘ ይመስል።

«ድገሚው» አሉ።

«ደህና ነኝ አባዬ።»

«ሳሊ፣ ይሄ የደህና ሰው ድምፅ አይደለም። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ከወዲያ የቧንቧ ውሃ ሲፈስ ይሰማል፤ የቤቱ ሰዎች እንዳይሰሟት ከፍታው መሆን አለበት። ስትናገር ድምጿ ሌላ ሆኗል።

«አባዬ፣ በየጁምዓው ስነግርህ አልነበር እንዴ? ደከመኝ አልኩህ። ጀርባዬ አላስተኛኝ አለ፣ ውሌ ሲያልቅ አላድሰውም፣ ልምጣ ወይ አልኩህ። ስንቴ ለመንኩህ። አብሽሪ ትለኛለህ። ቻዪው ማለትህ መሰለኝ። እና ቻልኩት።»

ሱቁ ውስጥ ቻርጀር ሊገዛ የቆመ ደንበኛ ነበር፤ ቀስ ብሎ ወጣ። አያ ነጅሙዲን ስልኩን ከጆሯቸው አላነሱትም።

«አልሰማሁሽም ልጄ» አሉ። «ወላሂ አልሰማሁሽም። ጆሮዬ ተዘግቶ ነበር፤ ደብቄሽ ነው። በቃ ነይ። ነይልኝ።»

ውሏ እስኪያልቅ ክረምቱ ወጣ። ያን ሁሉ ጊዜ በየጁምዓው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው አዳመጧት፤ ፊቷን አላዩም፤ ጆሮሽን አሳዪኝም አላሉም። ቀኑ ሲደርስ ሊቀበሏት አዲስ አበባ ሄዱ፤ እትዬ ኡሙሃኒም አብረው።

አሁን የማወራችሁ እሳቸው ስለሌሉባቸው የቆቦ ጠዋቶች ነው። መዝጊያዬን ስገፋ ከኋላዬ የሚመጣ የለም። አንዴ ሁለት እጄን ሰቅዬ ዝም ብዬ ቆምኩ፤ ዳቦ ቤቱ ምን ነካው ብሎ አየኝ። መምህር እንዳለው ሲያልፍ ቆም ብሎ «አልመጡም?» ይላል፣ በየቀኑ። ኩላሊታም ያሰኙትን ሰው እንዲህ ይጠብቃቸዋል። ሕመም አልተሰማኝም፤ ግን ደህና መሆኔን በምን አውቃለሁ? የገዛ ጆሮዬን በሁለት ጣት ይዤ ሞከርኩት። አይሆንም። ጣቱም ጆሮውም የእኔ ነው፣ ሙቀታቸው አንድ ነው፤ ምንም አይናገርም። ጆሮ የሚታወቀው ሌላ ሰው ሲነካው ብቻ ነው። ናፈቁኝ ብል ምን አለበት?

አንድ ጠዋት መዝጊያው ግማሽ ላይ ሳለ ሁለት ጣት ጆሮዬን ጨበጠው።

«ነጥቷል» አሉ። «ጉበት ብላ።»

እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። መዝጊያውን እንደያዝኩ፣ ሳልዞር «ሳሊሀስ?» አልኩ።

«ትናንት ማታ ገባን። ተኝታለች።»

«ጆሮዋን አዩት?»

«ሱብሒ ሰግጄ ስመለስ ነካሁት። ሂጃቧን አውልቃ እናቷ ጉያ ተኝታ ነበር። ፀሐይ ሳትወጣ።»

«እንዴት ነው?»

ከዋጃ የሚመጣ ሚኒባስ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። ፀሐይ ከዞብል በላይ ብቅ ማለት ጀምራለች።

«ቀዝቅዟል» አሉ።

እጆቼ ከራሴ በላይ ናቸው፣ መዝጊያው ከብዶኛል።

«ቤቷ ገብታለች፣ ይሞቃል» አሉ። የእኔን ጆሮ ግን ገና አልለቀቁትም ነበር።